አዲሱ መነጽርና ጠማማው «እንኳን አደረሳችሁ»

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ኬክ ቤት አለችኝ። ዕድሜዬ 46 ነው። ድሮ የሩቅ መነጽር ብቻ ነበር የማደርገው። አሁን ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለንባብ የሚሆን፣ መሐሉ ላይ መስመር የሌለው አሠራሁ። ዐሥር ቀን ሆነኝ። ለገና ቤቱን እያስጌጥኩ ነው። መሰላል ላይ ወጥቼ ‹እንኳን አደረሳችሁ› የሚለውን ጽሑፍ ቀጥ አድርጌ ሰቀልኩ፤ ስወርድ ልጆቹ ‹ጠማማ ነው› ብለው ሳቁብኝ። ስወርድም እግሬን የት እንደማሳርፍ አልታይ ብሎኝ ነበር። ወለሉ ወደ በሩ ያዘነበለ ይመስለኛል። ማታ መብራቶቹ ጨረር ያወጣሉ፤ ሰማያዊዎቹማ ጭራሽ ይደበዝዙብኛል። ሲመሽ ራሴን ያመኛል። መነጽር ቤቱ ብመለስ ‹ይለመዳል› ብለው ሸኙኝ። እውነት ይለመዳል? ወይስ ገንዘቤን ላስመልስ?»

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ ዶክተር አይደለሁም። ኦፕቶሜትሪስት ነኝ። እይታ እለካለሁ፣ መነጽር አዛለሁ፤ በሽታ ከጠረጠርኩ ለዓይን ሐኪም አሳልፌ እሰጣለሁ። ያነሡት ነገር ግን ከሞላ ጎደል የእኔ ሥራ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎት።

«ይለመዳል» ያሉዎት ሰዎች አልዋሹም፤ ግን ሙሉውን አልነገሩዎትም። ከዘረዘሯቸው ችግሮች የሚለመድ አለ። ሌንሱ ልክ ካልሆነ ደግሞ ዓመት ቢያደርጉት የማይለመድ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ይለመዳል» ብሎ መሸኘት በእኛ ሙያ የተለመደ ስንፍና ነው። ደግነቱ ለመለየት የሚረዳው መሣሪያ ዘንድሮ ቤትዎ ውስጥ ተሰቅሏል፤ የገናው መብራት ማለቴ ነው።

ከጥያቄዎ ጋር የላኩትን የምርመራ ወረቀት አየሁት። ቀኝ ዓይን ማይነስ 2.00፣ ሲሊንደር ማይነስ 1.50፣ አክሲስ 40። ግራ ዓይን ማይነስ 2.00፣ ሲሊንደር ማይነስ 1.25፣ አክሲስ 140። ለንባብ ፕላስ 1.50። የድሮው መነጽርዎ ደግሞ ቀኙ ማይነስ 2.75፣ ግራው ማይነስ 2.50 ነበር፤ ሲሊንደር የሚባል ነገር የለበትም። ነገሩ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቀን ሁለት አዲስ ነገር ነው ፊትዎ ላይ የተደረገው። አንዱ ሲሊንደሩ፣ ሌላው ፕሮግረሲቩ፣ ማለትም መስመር የሌለው የሩቅና የንባብ ሌንስ። ለየብቻ ቢመጡ ኖሮ ይህን ያህል ባልተንገላቱ።

ከወለሉ እንጀምር። ሲሊንደር የሚታዘዘው ለአስቲግማቲዝም ነው። የዓይን የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያ፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ካልጎበጠ ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ አይሰበሰብም፤ ወደ አንድ ወገን ይለጠጣል። ሲሊንደሩ ይህን ያስተካክላል፤ ግን በነጻ አይደለም። ምስሉን በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይበልጥ ያሳንሰዋል። የእርስዎ አክሲስ፣ ማለትም ሲሊንደሩ የተቀመጠበት ማዕዘን፣ ደግሞ ቋሚም አግዳሚም አይደለም፤ ሰያፍ ነው። የቀኙ ወደ አንድ ወገን፣ የግራው ወደ ሌላው። ስለዚህ የበሩን መቃን አንደኛው ዓይንዎ ወዲህ፣ ሌላኛው ወዲያ ትንሽ ዘመም አድርጎ ያየዋል። አንጎል ደግሞ ሁለቱ ዓይኖች ያልተስማሙበትን ነገር የሚተረጉመው ርቀት አድርጎ ነው። ስለዚህ ወለሉ ተዳፋት ይመስላል፣ የጠረጴዛው አንድ ጫፍ ይሰፋል፣ ግድግዳው ይጠጋል።

ፈተናው ቀላል ነው። ባንኮኒው ጀርባ ቆመው ወደ በሩ ይዩ። መነጽሩን እንዳደረጉ አንድ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑ። ወለሉ ሜዳ ከሆነልዎትና ሲገልጡት ተመልሶ ካዘነበለ፣ ጭቅጭቁ የሁለቱ ዓይኖች ነው። እሱ ይለመዳል። ለብዙ ሰው ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። አንጎል ለዚህ ያለው ችሎታ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ጆርጅ ስትራተን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዓለምን ገልብጦ የሚያሳይ ሌንስ አንድ ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ሌላውን ሸፍኖ፣ ሳምንት ያህል ከረመ። መጀመሪያ ላይ ቀላል ነገር መሥራት እንኳ ይከብደው ነበር፤ ኋላ ላይ ግን እየተራመደ ሥራውን ይሠራ ነበር። ከዚያ አንጻር የእርስዎ ተዳፋት ወለል ቀላል ነው።

ግን አንጎል የሚማረው ሲያዩበት ብቻ ነው። ጠዋት አዲሱን፣ ከሰዓት ራስዎን ሲያምዎት የድሮውን የሚያደርጉ ከሆነ በየቀኑ ከሀ ነው የሚጀምሩት። ከአልጋ ሲነሡ ያድርጉት፤ ሲተኙ ያውልቁት። የድሮውን የምፈቅድልዎት ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ እሱን አሁን እነግርዎታለሁ።

ጽሑፉ የተጣመመው በሌላ ምክንያት ነው። ይሄኛው የፕሮግረሲቩ ሥራ ነው። በፕሮግረሲቭ ሌንስ ላይ ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይቀየራል። መሐሉ ላይ ጥርት ያለ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ ግን ምስሉ ይዛባል፤ ቀጥ ያለ መስመር ይጎብጣል፣ ይንሻፈፋል። የፋብሪካ ብልሽት አይደለም። ቁጥሩ ያለ መስመር እንዲቀየር ከተፈለገ መዛባቱ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ውድ የሆነው ሌንስ መተላለፊያውን ያሰፋዋል፣ መዛባቱን ያለሳልሰዋል እንጂ አያጠፋውም። እና እርስዎ መሰላል ላይ ሆነው፣ አፍንጫዎ ግድግዳው ላይ ሊደርስ ምንም ሳይቀረው፣ ረጅሙን ጽሑፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዓይንዎን ብቻ እያንቀሳቀሱ ነው የለኩት። «እንኳን»ን በሌንሱ ግራ ጠርዝ፣ «አደረሳችሁ»ን በቀኝ ጠርዝ። ልጆቹ ልክ ናቸው፤ ይፍቱት።

መፍትሔው ዓይንን ሳይሆን አፍንጫን ማዞር ነው። ማየት ወደሚፈልጉት ነገር አፍንጫዎን ይቀስሩ። መጀመሪያ አካባቢ አንገት ይደክማል፤ በኋላ ሳያስቡት ይመጣል። ለጽሑፉ ግን ከዚህ ሁሉ የስልክዎ ውኃ ልክ ይሻላል። ብዙ ስልኮች ላይ አለ።

መሰላሉን በተመለከተ ትንሽ ቆጣ ልበል። በአዲስ ፕሮግረሲቭ መሰላል አይወጣም። የሌንሱ የታችኛው ክፍል ለንባብ ፕላስ 1.50 ተጨምሮበታል። በዚያ ክፍል ዓይን ዘና ብሎ አጥርቶ የሚያየው ቢበዛ እስከ 67 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ነው። እግርዎና የመሰላሉ መርገጫ ደግሞ ከዓይንዎ ከአንድ ሜትር ተኩል አያንሱም። ዝቅ ብለው ሲያዩ መርገጫው ደብዛዛ ነው፣ ያለበትም ቦታ የተዛወረ ይመስላል። የኮንዶሚኒየሙም ደረጃ ያው ነው። ሲወርዱ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ስብሰብ አድርገው በላይኛው ክፍል ይዩ፤ የደረጃውን መደገፊያም አይልቀቁ።

ሌላም አለ። ከራስዎ በላይ ምስማር ላይ ገመድ ሲያስሩ ሥራው ቅርብ ነው፤ የቅርብ ማያው ግን ታች ነው። ስለዚህ ጭንቅላት ወደ ኋላ ይጣላል፣ ማዞር ይመጣል። መሰላል መውጣት የግድ ከሆነ የድሮውን የሩቅ መነጽር ያድርጉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከልጆቹ አንዱ ይውጣ፤ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው «ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ከፍ» ይበሉ። ባለቤት አይደሉ?

አሁን ወደ መብራቶቹ። ጨረር የሚያመጣው ብዙ ነገር ስለሆነ አንድ በአንድ እናጣራ። ሲመሽ ብልጭ ድርግም የሚሉትን ባለማቋረጥ እንዲበሩ ያድርጓቸው። አብዛኞቹ የገና መብራቶች መሰኪያው አጠገብ ትንሽ ሳጥን አላቸው። ቁልፉን ደጋግመው ሲጫኑ ዝም ብሎ የሚበራበት ምርጫ ጋ ይደርሳሉ። (እንዲያውም እዚያው ላይ ይተዉት። ማይግሬን ያለበት ደንበኛ ያመሰግንዎታል። አንዳንድ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎችንም ፈጣን ብልጭታ ሊቀሰቅስባቸው ይችላል።) ከዚያ ራቅ ብለው፣ አንድ ዓይን ሸፍነው፣ አንዷን አምፖል ብቻ ይዩ።

ጨረሩ እየታየዎት መነጽሩን በእጅዎ ይዘው ከዓይንዎ ፊት ቀስ አድርገው እንደ መሪ ያዙሩት። ጨረሩ አብሮ ከዞረ ችግሩ ያለው መነጽሩ ላይ ነው፤ ያው ሲሊንደር ስላለው ትንሽ መደብዘዙን ይናቁት፣ የሚያዩት ረጅሙን የጨረር መስመር ነው። ባለ ኬክ ቤት ስለሆኑ የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ቅባት ነው። ክሬምና ዘይት ያለበት እጅ መነጽር ገፋ ያደርጋል፤ ከዚያ በሽርጥ ጫፍ ጠረግ። ጠራጊው የተወው ስስ የቅባት መስመር ብርሃኑን ወደ ጎን ይስበዋል። የሠፈራችሁ የታኅሣሥ አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ሽርጡ የብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ሶፍትም ይጭራል። መጀመሪያ በቧንቧ ውኃ አቧራውን ያጥቡት፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጣትዎ ያሹት፣ ያለቅልቁት፣ አብሮት በመጣው ጨርቅ ያድርቁት። የፈላ ውኃ አይንካው፤ ሽፋኑ ይሰነጣጠቃል።

ከታጠበም በኋላ ከእያንዳንዱ አምፖል አጠገብ ሌላ ደብዛዛ አምፖል ከታየዎትና ራስዎን ሲያንቀሳቅሱ እሱ ወደ ሌላ ወገን ከሸሸ፣ ያ የሌንሱ ነጸብራቅ ነው። ሽፋን የሌለው ሌንስ ከሚመጣበት ብርሃን 8 በመቶ ያህሉን በሁለቱ ገጾቹ ይመልሳል። ጸረ ነጸብራቅ ሽፋን ያለው ግን ከጥቂቱ በቀር ያሳልፋል። እንዲህ ያረጋግጡ፦ መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ አድርገው የጣራው መብራት ሲንጸባረቅበት ይዩ። ነጸብራቁ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ወይንጠጅ ካለ ሽፋን አለው። ነጭ ከሆነ የለውም። ለሽፋን ከፍለው ነጭ ካገኙ፣ ያኔ ገንዘብዎን ይጠይቁ።

መነጽሩን ሲያዞሩ ጨረሩ ካልዞረ፣ ይልቁንም ራስዎን ወደ ትከሻዎ ሲያዘነብሉ አብሮ ካዘነበለ፣ ምንጩ ዓይንዎ ነው፤ ወይም ሲሊንደሩ በትክክል አልተቀመጠም። አንድ ወረቀት በመርፌ ይብሱና በቀዳዳዋ አምፖሉን ይዩት። ጥርት ካለ ነገሩ የቁጥር ነው፤ ሌንሱ ይታይ። አክሲስ ቀልድ አይወድም። በ10 ዲግሪ ብቻ ቢዛባ ከአስቲግማቲዝሙ አንድ ሦስተኛው ሳይታረም ይቀራል። በ30 ዲግሪ ቢዛባ ባያደርጉት ይቀል ነበር። በቀዳዳዋም ካልጠራ ግን ሐኪም ይየው። የዓይን ሞራ ሲጀምር አንዱ ምልክቱ ማታ መብራት ዙሪያ ጨረር መብዛት ነው፤ በ46 ብዙ ባይሆንም ይገጥማል።

ሰማያዊዎቹ አምፖሎች መደብዘዛቸው አያስጨንቅዎት። እነሱ ለእኔም ይደበዝዛሉ። ሰማያዊ ብርሃን ዓይን ውስጥ ከቀዩ ይበልጥ ይሰበራል፤ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ሬቲና፣ ጋ ሳይደርስ ይሰበሰባል። ማታ ብሌን ሲሰፋ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ የሚፈልጉትን ጽሑፍ በሰማያዊ መብራት አይሥሩት። ቢጫው ያምራል፣ ይነበባልም። ለዚህ ብለውም «ብሉ ከት» የሚባለውን፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚቀንስ ሽፋን ሊሸጥልዎት የሚሞክር አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) ግምገማ በኮምፒውተር ለሚመጣ የዓይን ድካም ከተራው ሌንስ የተሻለ ጥቅም በአጭር ጊዜ አላገኘበትም። ብሩን ለዱቄት ያውሉት።

የራስ ምታቱ ከመነጽሩ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚገፉ ከሆነና የጠዋት ቡናዎ ከቀረ፣ መነጽሩን ከመክሰስዎ በፊት እሱን ያስቡት። ሌላው የምጠረጥረው የባንኮኒ ሥራ ነው። ደንበኛው በቴሌብር ይከፍልና ስልኩን ወደ ፊትዎ ዘርግቶ «ይኸው ገብቷል» ይላል። ስልኩ ከዓይንዎ 60 እና 70 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በፊትዎ ትክክል ነው። በዚያ ከፍታ የሚያዩበት የሌንስ ክፍል የሩቁ ነው። ዓይንዎ እንደ ምንም ይታገላል፤ እንዲህ እያለ ይመሻል። ስልኩን ተቀብለው ደረትዎ ጋ ዝቅ አድርገው ያንብቡት። ወይም ደንበኛው ባንኮኒው ላይ ያስቀምጠው።

አሁን «አይለመድም» ወዳልኩት ክፍል ልምጣ። ፕሮግረሲቭ ሌንስ በአንድና ሁለት ሚሊ ሜትር ነው የሚበላሸው። ባለማቋረጥ የሚበራውን የራቀ አምፖል በአንድ ዓይን ቀጥ ብለው ይዩ። አገጭዎን ዝቅ ሲያደርጉ ከጠራ፣ ሌንሱ ከፍ ብሎ ተገጥሟል። ለማንበብ ደግሞ አገጭዎን ወደ ሰማይ ማንሳት ካለብዎት፣ ዝቅ ብሏል ወይም ፍሬሙ አፍንጫዎ ላይ ይንሸራተታል። ፊትዎን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዞር ሲያደርጉ ከጠራ፣ በብሌኖችዎ መካከል ያለው ርቀት በትክክል አልተለካም። ይህንን መልመድ አይቻልም፤ መልመድም የለብዎትም።

መነጽር ቤቱ ጋ ሲሄዱ «አልተመቸኝም» አይበሉ፤ መልሱን ያውቁታል። «የሌንሱን ምልክት መልሳችሁ ሣሉልኝ» ይበሏቸው። ፕሮግረሲቭ ሌንስ ላይ እንደ ዋዛ የማይታዩ፣ በ34 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ሁለት ጥቃቅን ምልክቶች ተቀርጸዋል። ባለሙያው በእነሱ ላይ ተመሥርቶ የመገጠሚያውን መስቀል በማርከር ሌንሱ ላይ ይሥላል። መነጽሩን አድርገው ቀጥ ብለው ራቅ ወዳለ ነገር ሲያዩ መስቀሉ ብሌንዎ መሐል ላይ መዋል አለበት። በመስታወት እርስዎም ያዩታል፤ ክርክር አያስፈልገውም። ቀጥሎ ሌንሱን በማሽን እንዲለኩልዎትና ከወረቀቱ ጋር እንዲያመሳክሩ ይጠይቁ፤ በተለይ አክሲሱን። ፍሬሙ ብቻ ከሆነ የአፍንጫ ማረፊያውንና የጆሮውን ጎንበስ ቀና አድርገው እዚያው ያስተካክሉታል።

ሁሉም ልክ ሆኖ ከተገኘ ሌላ ሳምንት ይታገሡት። ያኔም ካልሆነ የእኔን አስተያየት ልንገርዎት። እርስዎ በማይነስ ቁጥርዎ ምክንያት መነጽር አውልቀው 35 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ያለውን ጽሑፍ ከሞላ ጎደል ያነባሉ። ይህ ብዙ የዕድሜ እኩዮችዎ የሚመኙት ነገር ነው። አዲሱን ቁጥር ከነሲሊንደሩ ለሩቅ ብቻ ማሠራትና ለንባብ ማውለቅ ይቻል ነበር፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ከኬክ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ደንበኛ ለሚል ሰው ፕሮግረሲቩ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ግን ግዴታ አይደለም።

ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬደውን ደግሞ ይያዙልኝ። የገናው መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ጨለማ ውስጥም ዓይንዎ ብልጭ የሚል ከሆነ፤ እንደ ትንኝ የሚንሳፈፍ ነገር ድንገት ከበዛ፤ ከአንድ ወገን መጋረጃ የወረደ ከመሰለ የሬቲና መላቀቅ ሊሆን ይችላል፤ ማይነስ ያለበት ሰው ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ተጋላጭ ነው። መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት አይተው ዓይንዎ ከቀላ፣ ከታመመና ካስመለሰዎት የዓይን ግፊት ድንገት ጨምሮ ይሆናል። በዓልም ቢሆን በዚያው ቀን፣ እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ያለ የዓይን ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሂዱ። የመነጽር ቁጥር በሳምንታት ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ደግሞ ስኳርዎን ይለኩ።

መነጽር ቤቱ ሲሄዱ ሁለቱንም መነጽሮች፣ ወረቀቱንና ደረሰኙን ይያዙ። ከበዓሉ ዋዜማ ቀደም ብለው፣ ጠዋት ይሂዱ። ታኅሣሥ 28 ከሰዓት ምልክት የሚሥልልዎት ሰው አያገኙም።